አምስት ቀን ብቻ የተሰጠ ፔኒሲሊን፦ የአልበርት አሌክሳንደር ኬዝ

የነርሲንግ ተማሪዎች ፋርማኮሎጂ ላይ ሁሌ የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነው፣ የመድኃኒቱ ስም ይበዛል፣ ክላሱ (የመድኃኒቱ ቤተሰብ) ይምታታል፣ ሸምድደው ይገቡና ፈተናው ላይ ይጠፋባቸዋል። እውነታቸውን ነው። እኔም ትምህርቱ የገባኝ ዝርዝሩን በመሸምደድ ሳይሆን አንድ ታካሚ ላይ የሆነውን ቀን በቀን እየተከተልኩ ይሄን ለምን ሰጡት፣ ለምን በየሦስት ሰዓቱ፣ ተሽሎት ሳለስ ለምን ሞተ እያልኩ ስጠይቅ ነው፣ ስለዚህ ያንን ኬዝ እንዳለ ላካፍላችሁ። ታካሚው አልበርት አሌክሳንደር ይባላል፣ እንግሊዝ አገር ፖሊስ ነበር፣ 43 ዓመቱ፣ ኦክስፎርድ ራድክሊፍ ኢንፈርመሪ የሚባል ሆስፒታል ውስጥ የተኛ፣ ኢንፌክሽኑን ለማዳን ተብሎ ፔኒሲሊን በደም ስር የተሰጠው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1941።

በሽታው እንዴት እንደጀመረ ሁለት ሶስት ዓይነት ይወራል። ብዙ ቦታ የጽጌረዳ እሾህ ፊቱን ቧጭሮት ነው ይባላል፣ ከቤተሰቡ ወገን ደግሞ በኋላ በጦርነቱ የአየር ድብደባ ቆስሎ ነው ተብሏል፣ የህክምና ሪፖርቱ ላይ ያለው ግን አፉ ጥግ ላይ በወጣች ቁስል ጀመረ የሚል ነው። ለኛ ዋናው ከዛ በኋላ የሆነው ነው። መጀመሪያ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ገባ፣ ቀጥሎ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ተጨመረበት፣ ከዛ ፊቱ፣ ራስ ቅሉ ላይ ያለው ቆዳ፣ ሁለቱ የዓይን ጉድጓዶቹ፣ ቀኝ ክንዱ፣ ሁሉም መግል ቋጠረ። ሐኪሞቹ እየቀደዱ መግሉን ያወጡታል፣ ሌላ ቦታ ይነሳል። ፌብሩዋሪ 3 ቀን ግራ ዓይኑን ማውጣት ግድ ሆነ። ፌብሩዋሪ 12 ላይ ሳንባውም ተይዞ አክታው ውስጥ ሁለቱም ባክቴሪያዎች ይታዩ ነበር። እንግዲህ ወራት ሙሉ ቁስሉን የሚያጥቡት፣ ፋሻውን የሚቀይሩት፣ ትኩሳቱን የሚመዘግቡት ነርሶች ነበሩ፣ ስማቸው ሲነሳ አልሰማሁም፣ እኔ ይሄን ኬዝ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሁለቱም ባክቴሪያዎች ግራም ፖዘቲቭ ኮካይ ናቸው፣ ኮካይ ማለት ክብ ማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ስታፍ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግቶ፣ ስትሬፕ እንደ ዶቃ ተሰክቶ ይታያል። ግራም ፖዘቲቭ ማለት ወፍራም የሴል ግድግዳ ያለው ማለት ነው፣ ይሄን ያዙት እመለስበታለሁ።

ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ሰውየው ያለ አንቲባክቴሪያል አልተተወም። ዲሴምበር ላይ ሰልፋፒሪዲን ተሰጥቶታል፣ የሰልፎናማይድ ክላስ ነው፣ በጊዜው ከነበሩት ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነበር። ምንም አልተሻለውም፣ ጭራሽ ቆዳው ላይ ራሽ (ሽፍታ) አወጣበት። ለምን አልሰራም? እዚህ ጋ ክላሲፊኬሽን ህይወት ይዘራል። ባክቴሪያ ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ራሱ ነው የሚሰራው፣ እኛ ግን ከምግብ ነው የምናገኘው። ፎሌት ለመስራት ፓባ የሚባል ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል፣ ሰልፋ ደግሞ ፓባን መስሎ ኢንዛይሙ ላይ ይቀመጥና መንገዱን ይዘጋበታል፣ ባክቴሪያው ዲኤንኤ መስሪያ ያጣና መራባት ያቆማል። ያቆማል ነው ያልኩት፣ ይሞታል አላልኩም፣ ሰልፋ ብቻውን ባክቴሪዮስታቲክ ነው፣ የቀረውን የሰውየው የራሱ ነጭ የደም ሴል መጨረስ አለበት። ችግሩ ደግሞ መግል ውስጥ የሞተ ቲሹና የሞተ ሴል ሞልቷል፣ ከዛ ውስጥ ባክቴሪያው ፓባም ሌላውንም የዲኤንኤ ጥሬ ዕቃ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፣ የተዘጋውን መንገድ መጠቀም እንኳን አያስፈልገውም። ስለዚህ መግል ባለበት ሰልፋ ይደክማል። አልበርት አሌክሳንደር ደግሞ ከአንገቱ በላይ ያለው ሁሉ መግል ነበር።

ራሹን በተመለከተ ተማሪ ሁሌ የሚሳሳትበት ጥያቄ አለ፣ "ሰልፋ ራሽ ካወጣበት ፔኒሲሊን መስጠት ይቻላል ወይ?" ይቻላል። ክላሳቸው ሌላ፣ ኬሚካላቸው ሌላ፣ የአንዱ አለርጂ ለሌላው አይተርፍም። ግን የትኛው መድኃኒት፣ ምን ዓይነት ሪአክሽን፣ ከስንት ሰዓት በኋላ የሚለው ቻርቱ ላይ ካልተጻፈ፣ "አንቲባዮቲክ አለርጂ አለው" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም ምን ያድርግ? ታሪኩን ጠይቆ በዝርዝር የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ነርስ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ፍሌሚንግ 1928 ላይ ለንደን ውስጥ ሻጋታው ስታፍን ሲገድል አይቶ ነበር፣ ግን ንጥረ ነገሩን አጥርቶ ማውጣት አልተቻለም። እሱን የሰራው የኦክስፎርዱ ቡድን ነው፣ ፍሎሪ፣ ቼይን፣ ሂትሊ። ሜይ 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦችን ገዳይ በሆነ የስትሬፕቶኮከስ ዶዝ ከበከሉ በኋላ ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጧቸው፣ ላራቱ አልሰጡም፣ ያልተሰጣቸው አራቱ ሌሊቱን አለቁ። ሰው ግን አይጥን በክብደት ብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል፣ የሚያስፈልገው መድኃኒትም እንደዛው። ሻጋታውን ለማሳደግ ያላገኙት ዕቃ የለም፣ ከሞከሯቸው ዕቃዎች ጥሩ የሰራው የሆስፒታል ቤድፓን (አልጋ ላይ የሚጸዳዱበት ዕቃ) ነው፣ በኋላ በሱ ቅርፅ የሸክላ ዕቃ አሰርተው ወጣት ሴቶች ቀጥረው ቀን ከሌት ፈሳሹን ይሰበስቡ ነበር። ከዚያ ሁሉ ፈሳሽ የሚወጣው ቡናማ ዱቄት ጥቂት ነው፣ ከዱቄቱም አብዛኛው ፔኒሲሊን አልነበረም፣ ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ነው ፔኒሲሊን እስከ ዛሬ በዩኒት የሚታዘዘው። በዛን ጊዜ 100 ሚሊግራም ዱቄት ማለት ውስጡ ስንት መድኃኒት እንዳለ አይነግራችሁም፣ ባክቴሪያ የመግደል አቅሙን ለክቶ በዩኒት መናገር ብቻ ነበር የሚቻለው። ዛሬ ንጹሁ ቤንዛይልፔኒሲሊን ስላለ 1 ሚሊዮን ዩኒት 600 ሚሊግራም ገደማ ነው ማለት እንችላለን፣ ግን ትዕዛዙ በዩኒት መጥቶ ቫያሉ (የመድኃኒቱ ብልቃጥ) በግራም ሲሆን ወይ በተቃራኒው፣ ስህተት የሚገባው እዛ ጋ ነው። ሚሊዮን የሚለውን ቃል በሙሉ ጻፉ፣ ዜሮ አትቁጠሩ።

ከአልበርት በፊት አንድ ሴት አለች፣ ሳልጠቅሳት ባልፍ ይቆጨኛል። የማትድን የካንሰር ታካሚ ነበረች፣ መድኃኒቱ ሰው ላይ ጉዳት እንዳለው ለማየት ፈቃደኛ ሆና ጃንዋሪ 1941 ላይ 100 ሚሊግራም በደም ስሯ ተሰጣት። ብዙም ሳይቆይ አንቀጠቀጣት፣ ትኩሳቷ ወጣ። ቡድኑ ደንግጦ ሲመረምር ጥፋቱ የፔኒሲሊኑ አልነበረም፣ አብሮት የነበረው ትኩሳት የሚያስነሳ ቆሻሻ፣ ፓይሮጂን የምንለው ነው፣ ይበልጥ ሲያጠሩት ቀረ። ዛሬም ቢሆን አይቪ ከጀመራችሁ በኋላ ታካሚው ቢንቀጠቀጥ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ማሰብ አለባችሁ፣ የመድኃኒቱ አለርጂ ነው፣ የፈሳሹ ወይም የላይኑ ብክለት ነው፣ ወይስ ራሱ በሽታው ነው። ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ የምታደርጉት ግን አንድ ነው፣ ኢንፊውዥኑን ማቆም፣ ከታካሚው አለመለየት፣ ሰው መጥራት። ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደም ግፊት ከወረደ አናፍላክሲስ (ለህይወት የሚያሰጋ አለርጂ) ነው፣ ለአዋቂ አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም ጭን ላይ በጡንቻ፣ ሀይድሮኮርቲዞን እስኪመጣ ተብሎ አይጠበቅም።

ፌብሩዋሪ 12፣ አልበርት አሌክሳንደር። መድኃኒቱን የሰጠው ቻርልስ ፍሌቸር የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። መጀመሪያ 200 ሚሊግራም፣ ከዛ በየ3 ሰዓቱ 100 ሚሊግራም፣ በደም ስር። የመጀመሪያው ዶዝ ለምን እጥፍ ሆነ ብትሉ ሎዲንግ ዶዝ ማለት ነው፣ ደም ውስጥ ያለውን መጠን ቶሎ ከፍ ለማድረግ። በየሦስት ሰዓቱ የሆነው ደግሞ ፔኒሲሊን ሰውነት ውስጥ ስለማይቆይ ነው። ሃፍ ላይፉ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ጤነኛ ኩላሊት ባለው ሰው 30 ደቂቃ ገደማ ነው። እስኪ አብረን እናስላ፣ 30 ደቂቃ ላይ ግማሹ ቀረ፣ በ1 ሰዓት ሩቡ፣ በ1 ሰዓት ተኩል ስምንተኛው፣ እንዲህ እያልን 3 ሰዓት ላይ ስድስት ሃፍ ላይፍ አለፈ ማለት ነው፣ የሚቀረው ከመቶ 1.6 ገደማ ነው። በቃ አለቀ። ቀጣዩ ዶዝ በሰዓቱ ካልመጣ ባክቴሪያው ነጻ ነው።

እና የት ነው የሚሄደው? ሽንት ውስጥ። ጉበት ብዙም አይነካውም፣ ኩላሊት በቱቡላር ሴክሪሽን፣ ማለትም ከደም ወደ ሽንት ቱቦዎቹ፣ እየጎተተ አብዛኛውን ሳይለወጥ ያወጣዋል። ይሄ ነገር ለቡድኑ መርዶም ዕድልም ነበር። ዱቄቱ እያለቀባቸው ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ሳይበላሽ ሽንት ውስጥ አለ፣ ስለዚህ የሰውየውን ሽንት እየሰበሰቡ በብስክሌት ወደ ላብራቶሪው ይወስዱታል፣ ፔኒሲሊኑን መልሰው ያወጡታል፣ ያው መድኃኒት ተመልሶ ለራሱ ይሰጠዋል። አስቡት፣ አንድ ዋርድ ውስጥ ሽንት የሚሰበስበው እጅ መድኃኒቱን የሚያቀርበው እጅ ሆነ። ኤክስክሪሽን (መድኃኒት ከሰውነት መውጣት) የሚለውን ቃል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

በአንድ ቀን ውስጥ ለውጥ ታየ። ከራስ ቅሉ ይፈስ የነበረው መግል ቆመ፣ ቀኝ ዓይኑ መሻል ጀመረ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ምግብ መብላት ጀመረ። በአምስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 17፣ ቀኝ ዓይኑ ወደ ጤናማ ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ያን ቀን መድኃኒቱ አለቀ።

ጠቅላላ የተሰጠው 4.4 ግራም ነው። ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት፣ ጥሩ ልምምድ ነው፣ 4400 ሚሊግራም፣ የመጀመሪያውን 200 ስትቀንሱ 4200፣ በየጊዜው 100 ከሆነ 42 ዶዝ፣ በሦስት ሰዓት ስታባዙት 126 ሰዓት፣ አምስት ቀን እና ትንሽ ሰዓት። ዶዙ ሳይለወጥ ከቀጠለ ማለት ነው እንግዲህ። ከ42ኛው በኋላ የሚሰጥ የለም። ለአስር ቀን ያህል ባለበት ቆየ፣ አልባሰበትም አልተሻለውም፣ ከዛ በተለይ ሳንባው ላይ ኢንፌክሽኑ ተነሳ፣ ማርች 15 ቀን 1941 ሞተ።

ይሄን ኬዝ ተማሪ ፊት ሳቀርበው "ለምን ሞተ?" ስላቸው ሁሌ ቀድሞ የሚመጣው መልስ "ሪዚስታንስ" ነው፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶት ማለታቸው ነው። አይደለም። መድኃኒቱ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እየሰራ ነበር፣ የቀኝ ዓይኑ ምስክር ነው። "ዶዙ አነሰ" የሚሉም አሉ፣ እሱ በከፊል እውነት ነው፣ ያ ቡናማ ዱቄት ውስጥ የነበረው ንጹህ ፔኒሲሊን በዛሬ መለኪያ ትንሽ ነበር። ግን ዋናው ዱሬሽን፣ የተሰጠበት ቀን ብዛት ነው። ላይኛው ቁስል ላይ ያለው ባክቴሪያ ደም በደንብ ስለሚደርሰው ቶሎ አለቀ፣ የሳንባው ውስጥ ግን አልጸዳም። መግል የቋጠረ ቦታ ደም ስር የለውም፣ መድኃኒት በቀስታ ነው የሚገባው፣ እዛ ያለው ባክቴሪያም በዝግታ ነው የሚራባው፣ ፔኒሲሊን ደግሞ የሚገድለው የሚራባውን ነው።

ምክንያቱን ለማየት የሴል ግድግዳው ጋ እንመለስ። ባክቴሪያ ሲያድግና ሲከፈል ግድግዳውን ማፍረስና መስራት አለበት፣ ፔኒሲሊን ቤታ ላክታም ቀለበቱን ይዞ ይገባና ግድግዳውን የሚያያይዙትን ኢንዛይሞች፣ ፔኒሲሊን ባይንዲንግ ፕሮቲን የሚባሉትን ይይዛቸዋል። ማፍረሱ ይቀጥላል፣ መስራቱ ይቆማል፣ ባክቴሪያው በውስጡ ባለው ግፊት ይፈነዳል። ባክቴሪሲዳል፣ ማለትም ገዳይ ነው። የኛ ሴል ግድግዳ ስለሌለው አይነካም፣ ሰለክቲቭ ቶክሲሲቲ የሚባለው ይሄ ነው። የማያድግ፣ የተኛ ባክቴሪያ ግን ግድግዳ እየሰራ ስላልሆነ ፔኒሲሊኑ የሚያበላሽበት ስራ የለም።

እግረ መንገዴን ሌሎቹን ክላሶች እዚሁ ኬዝ ላይ ልሰካቸው፣ ያኔ አይረሱም። ግድግዳው ላይ የሚሰሩት ቤታ ላክታሞች ናቸው፣ ፔኒሲሊኖች፣ ሴፋሎስፖሪኖች፣ ካርባፔኔሞች፣ እንዲሁም ቫንኮማይሲን በሌላ መንገድ። ፎሌቱን የሚዘጉት ሰልፋና ትራይሜቶፕሪም፣ አልበርት የመጀመሪያውን ቀምሶ ያልሰራለት። ፕሮቲን መስሪያው ራይቦዞም ላይ የሚሄዱት ብዙ ናቸው፣ ራይቦዞሙ 30ኤስ እና 50ኤስ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፣ 30ኤስ ላይ ጄንታማይሲንና ዶክሲሳይክሊን፣ 50ኤስ ላይ ኤሪትሮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮል። ዲኤንኤው ላይ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሜትሮኒዳዞል፣ አርኤንኤው ላይ ሪፋምፒሲን። እያንዳንዱን "እዛ ዋርድ ቢኖር ምን ያደርግለት ነበር" ብላችሁ ጠይቁ። ጄንታማይሲን ብቻውን መግል ውስጥ ደካማ ነው፣ ኦክስጅን በሌለበት አሲድ በሆነ ቦታ አይሰራም። ሜትሮኒዳዞል ለአናይሮብ (ያለ ኦክስጅን ለሚኖር ባክቴሪያ) ነው፣ ስታፍ ላይ ዋጋ የለውም። ክሊንዳማይሲን ደግሞ ቲሹ ውስጥ በደንብ ይገባል፣ የስትሬፕንም ቶክሲን ማምረት ይቀንሳል።

ዛሬ ያው ሰው ያው በሽታ ይዞት ቢመጣ በዛው ፔኒሲሊን ይታከም ነበር? ይሄ ጥያቄ በጣም የምወደው ነው ምክንያቱም ሁለቱ ባክቴሪያዎቹ ሁለት መንገድ ሄደዋል። ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ እስከ ዛሬ ለፔኒሲሊን ይሸነፋል፣ አንድም ጊዜ አልለመደውም። ስታፍ ኦሬየስ ግን አሁን አብዛኛው ፔኒሲሊኔዝ ያመርታል፣ ያንን ቤታ ላክታም ቀለበት የሚቆርጥ ኢንዛይም ማለት ነው። የሚገርመው አልበርት መርፌውን ከመወጋቱ በፊት፣ ዲሴምበር 1940 ላይ፣ ቼይንና አብርሃም የተባለ ባልደረባው ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ይሄን ኢንዛይም ማግኘታቸውን ጽፈው ነበር። መድኃኒቱ ገና ሰው ሳያድን ማክሸፊያው ታውቋል። በኋላ ኢንዛይሙ የማይቆርጠው ሜቲሲሊን መጣ፣ ወዲያው 1961 ላይ ሜቲሲሊንን የለመደ ስታፍ እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ፣ ኤምአርኤስኤ የምንለው። ስለዚህ ዛሬ ክሎክሳሲሊን ወይም ሴፋዞሊን ነው የሚጀመርለት፣ ኤምአርኤስኤ ከሆነ ቫንኮማይሲን፣ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ ካልቸር (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ መለየት) ነው፣ ካልቸሩም ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት ነው የሚወሰደው። ታካሚው በጣም ከታመመ ደሙን ቶሎ ወስዶ መድኃኒቱን ወዲያው ማስጀመር እንጂ ውጤት መጠበቅ የለም።

ዱሬሽኑስ? ስታፍ ደም ውስጥ ከገባ ቢያንስ 14 ቀን፣ እንደ አልበርት ሳንባም ሌላም ቦታ ከተቀመጠ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። አምስት ቀን ምንም ማለት አልነበረም። ግን ከዚህ ተነስታችሁ "አንቲባዮቲክ ረጅም ሲሆን ይሻላል" እንዳትሉ፣ ለምሳሌ ቀለል ላለ የሳንባ ምች አምስት ቀን በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ያለ ምክንያት ማስረዘም ሆድ ውስጥ ያለውን ጥሩ ባክቴሪያ ይጨርሳል፣ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባለውን ተቅማጥ ይጋብዛል፣ ሪዚስታንስንም ያበዛል። ቀኑን የሚወስነው የባክቴሪያው ዓይነትና የተቀመጠበት ቦታ ነው። ታካሚው "ተሽሎኛል" ማለቱ ብቻውን አይወስነውም፣ አልበርትም ፌብሩዋሪ 17 ላይ ተሽሎት ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዓቱ ላስጨንቃችሁ። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ታይም ዲፔንደንት ናቸው፣ ማለትም የሚገድሉት ደም ውስጥ ያለው መጠን ባክቴሪያውን ከሚያስቆመው ዝቅተኛ መጠን በላይ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው። ዶዙን እጥፍ ብታደርጉት የምታተርፉት አንድ ሃፍ ላይፍ ብቻ ነው፣ ግማሽ ሰዓት። ጄንታማይሲን ተቃራኒው ነው፣ ከፍ ያለ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው የሚገድለው፣ ከወረደም በኋላ ለተወሰነ ሰዓት ባክቴሪያው አይነሳም፣ ስለዚህ በቀን አንዴ ይሰጣል። ይሄ ከገባችሁ አንዱ መድኃኒት በየ6 ሰዓቱ ሌላው በ24 ሰዓት አንዴ ለምን እንደሆነ መሸምደድ የለባችሁም። ለሌሊት 6 ሰዓት የታዘዘ ክሎክሳሲሊን ታካሚው ተኝቷል ተብሎ ለንጋት ሲገፋ ቻርቱ ላይ "ተሰጥቷል" የሚል ፊርማ አለ፣ ደም ውስጥ ግን ለሰዓታት ምንም የለም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ማንም አያየውም፣ ላብራቶሪም አይነግራችሁም፣ በማግስቱ "መድኃኒቱ አልሰራም" ተብሎ ወደ ጠንካራው ይቀየራል።

ያ 30 ደቂቃ ሃፍ ላይፍ ብዙ ሰው አስጨንቋል። ፕሮቤነሲድ የሚባል መድኃኒት የተሰራው የኩላሊቱን በር ዘግቶ ፔኒሲሊንን ለማቆየት ነበር፣ ዛሬ በብዛት የምናውቀው ለሪህ ነው። ከዛ ሌላ ዘዴ መጣ፣ ፔኒሲሊኑን በቀላሉ ከማይሟሟ ነገር ጋር አያይዞ ጡንቻ ውስጥ ማስቀመጥና ቀስ እያለ እንዲለቅ ማድረግ። ፕሮኬይን ፔኒሲሊን አንድ ቀን ገደማ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ደግሞ ሳምንታት ይቆያል፣ ለሩማቲክ የልብ በሽታ መከላከያ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው እሱ ነው። ሦስቱም ፔኒሲሊን ይባላሉ፣ ሦስቱም ነጭ ዱቄት ሆነው ቫያል ውስጥ ሊመጡ ይችላሉ፣ በደም ስር የሚሰጠው ግን ክሪስታላይኑ፣ ያ ተራው ቤንዛይልፔኒሲሊን ብቻ ነው። ቤንዛቲንን በደም ስር መስጠት ልብ ያቆማል፣ ሰው ሞቶበታል። ሲበጠበጥ ክሪስታላይኑ ጥርት ይላል፣ ቤንዛቲኑ እንደ ወተት ይሆናል። ወተት የመሰለ ፔኒሲሊን መርፌ ውስጥ ካያችሁ ወደ አይቪ ላይን አይጠጋም። ጡንቻ ላይም ስትወጉ ሳብ አድርጋችሁ ደም አለመምጣቱን እዩ።

ኩላሊቱ የደከመ ታካሚ ላይ ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል፣ 30 ደቂቃ የነበረው ሃፍ ላይፍ ብዙ ሰዓት ይሆናል፣ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፣ ከፍተኛ ዶዝ ላይ ያለ ሰው ጡንቻው ይንዘረዘራል፣ ግራ ይጋባል፣ ሲዠር (የሚጥል መንቀጥቀጥ) ሊነሳበት ይችላል። የፖታሲየም ጨው ያለበት ቤንዛይልፔኒሲሊን ከሆነ በእያንዳንዱ ሚሊዮን ዩኒት 1.7 ሚሊኢኩቫለንት ፖታሲየም አብሮ ይገባል፣ በቀን 24 ሚሊዮን ለሚወስድ ሰው ከ40 በላይ ማለት ነው። ስለዚህ የሽንት መጠን መመዝገብ የአንቲባዮቲክ ስራ አካል ነው፣ ለአልበርት ነርሶችም እንደዛው ነበር፣ በሌላ ምክንያት ይሁን እንጂ።

ከአልበርት ሞት በኋላ ቡድኑ የወሰነው ነገር ከፋርማኮሎጂ ጋር ቀጥታ ይገናኛል፣ ቀጣዮቹን ታካሚዎች በአብዛኛው ከልጆች መረጡ፣ ትንሽ ሰውነት ትንሽ መድኃኒት ይበቃዋል፣ ያለው ዱቄት ኮርሱን ይጨርሳል። ዶዝ በኪሎ የምንለው ነው። ከሱ ቀጥሎ የታከመው ከዳሌ ቀዶ ህክምና በኋላ ኢንፌክሽን የያዘው የ15 ዓመት ልጅ ነበር፣ እሱ ዳነ። ውጤታቸውን ኦገስት 1941 ላይ አሳተሙ፣ ፍሎሪና ሂትሊ በዛው ክረምት ሻጋታውን ይዘው በብዛት የሚያመርት ፍለጋ አሜሪካ ሄዱ።

ማርች 1942 ላይ ኮነቲከት ውስጥ አን ሚለር የምትባል የ33 ዓመት ሴት ከውርጃ በኋላ ስትሬፕቶኮከስ ደሟ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ተኝታ ነበር። ሰልፋ ተሰጣት፣ ደም ተሰጣት፣ ትኩሳቷ 41 ሴንቲግሬድ አልፎ ነበር። ፔኒሲሊኑ ሲጀመርላት በማግስቱ ጠዋት ትኩሳቷ ኖርማል ሆነ። የሷም ሽንት ተሰብስቦ መድኃኒቱ መልሶ እንዲወጣ ተልኳል፣ ግን በዚህ ጊዜ መሃል ላይ አልተቋረጠም። እስከ 1999 ኖረች፣ 90 ዓመቷ ላይ አረፈች። የትኩሳት ቻርቷ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብቷል፣ መስመሩ ሳምንታት ሙሉ ላይ ታች ሲል ቆይቶ አንድ ሌሊት ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ በየጊዜው ቴርሞሜትር ይዞ አልጋዋ ጋ የሄደ ሰው ነጥብ በነጥብ ያስቀመጠው።